ባሮ የት እንደሚደርስ የሚያውቁት ሾፌር

ጋሽ ኡጁሉ ማረፋቸውን የነገረኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። ከገበያ ወደ ቢሮ ሲወስደኝ በመስታወቱ አየት አደረገኝና፣ «ኢንጂነር፣ ያ የቦቴው ሽማግሌ አረፈ አሉ» አለኝ። «የትኛው ሽማግሌ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጠፍቶኝ አይደለም፤ በጋምቤላ ከተማ ቦቴ የሚነዳ ሽማግሌ አንድ ብቻ ነበር። መልሱን ሳልጠብቅ አውርደኝ አልኩትና የቀረውን መንገድ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ሄድኩት። ቢሮ ስደርስ ፊቴን ያዩት ሁሉ ላብ መስሏቸው ነበር፤ እንባም ነበረበት።

ቦቴ ስል ነዳጅ የሚያመላልሰው እንዳይመስላችሁ። የእኛ ቦቴ የሽንት ቤት ጉድጓድ መጥጦ የሚያነሣው ነው። ሲያልፍ የከተማው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡትም ብርጭቋቸውን በመዳፋቸው ይከድናሉ። ጋሽ ኡጁሉ ግን መስኮቱን ከፍተው፣ ክርናቸውን አውጥተው፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዝሙር እያንጎራጎሩ ነበር የሚነዱት። አፍንጫውን ለያዘ ሁሉ እጃቸውን ያነሡለታል። ምን ማለታቸው እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «እሱ እጁን አነሣ፣ እኔም አነሣሁ። ሰላምታ ነው» አሉኝ።

ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ጋቢና ውስጥ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከመሪው ጋር ይጋጭ ነበር። ከመቀመጫቸው ጀርባ በገመድ የተንጠለጠለ ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውሃ አይጠፋም። ጉድጓድ በመጠጡ ቁጥር እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፣ ደግመው ይታጠባሉ። ሰው ሲጨብጡ መጀመሪያ መዳፋቸውን ገልብጠው ሁለቱንም በኩል ያሳያሉ፤ ከዚያ ነው እጃቸውን የሚዘረጉት። በመሥሪያ ቤታችን ከነበረው እጅ ሁሉ ንጹሑ የእርሳቸው ነበር። ይህን ለማወቅ ግን እኔ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እስከዚያ ድረስ ከሩቅ ጎንበስ እያልኩ ነበር የማመልጣቸው።

እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። በዚያ ብርድ ያደገ ሰው ጋምቤላ ሲመደብ መጀመሪያ እንቅልፉን ያጣል፣ ቀጥሎ ትዕግሥቱን። የመጣሁት የከተማውን የፍሳሽ ጉዳይ እንድይዝ ነው፤ ዲግሪዬ ትኩስ፣ አፌም ትኩስ። የሰውን ሁሉ ፍሳሽ ላስተካክል የመጣሁት ሰውዬ የተከራየሁት ግቢ የሽንት ቤት ጉድጓድ መሙላቱን እንኳ አላየሁም ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ሞልቶ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ። የቤቱ አከራይ ጮኸች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ እኔ መግቢያ ጠፋኝ። ጋሽ ኡጁሉ በማን እንደሰሙ አላውቅም፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቦቴውን ይዘው ከተፍ አሉ። ኮታቸውን አውልቀው አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ታጠቡ፣ መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩኝ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጥኳቸው ያን ቀን ነው። ስለ ስንፍናዬም ለማንም አልተናገሩብኝም።

ከዚያ ወዲህ ተወዳጀን። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ የተጠበሰ ዓሣ ይዘው ይመጡና ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። «ብላ» ይሉኛል። «ጾም ነው፣ ጋሽ ኡጁሉ።» «ዓሣ ሥጋ አይደለም። ዓሣ ውሃ ነው፤ ትንሽ ጠንከር ያለ ውሃ።» ለጨዋታ ነው እንጂ ጾሜን ሊያስገድፉኝ አይደለም። አንድ ቀን ተሸንፌ እጄን ብዘረጋ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ቄስህ የሚቆጣው እኔን ነው» አሉ።

ሰው ሁሉ ለእርሳቸው «አንተ» ነበር፣ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊም ጭምር። አኙዋ ናቸው፤ አማርኛ የለመዱት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ፣ ሾፌር ከመሆናቸው በፊት፣ ድንበር አጠገብ እስካለችው ማታር ድረስ የነጋዴ ዕቃ በጀልባ ሲያመላልሱ ነው። ስለዚህ አማርኛቸው አጭርና ቀጥ ያለ ነበር። እኔ በሦስት ገጽ የምጽፈውን እርሳቸው በሦስት ቃል ይጨርሱታል። ይህ መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ቦቴው የመጠጠውን የት ይድፋ? በዚያን ጊዜ የሚደፋው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ ነበር። በበጋ ፀሐይ ያደርቀዋል። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ዝናቡም ሜዳውን እያጠበ ወደ ጅረቱ፣ ጅረቱ ደግሞ ወደ ባሮ ይወስደዋል። ባሮ ለእኛ ለከተሜዎቹ ድልድዩ ላይ ቆመን ፎቶ የምንነሣበት ወንዝ ነው። ከከተማው በታች፣ በኢታንግ አቅጣጫ ላሉት መንደሮች ግን የሚጠጡት ውሃ ነው። የጋሽ ኡጁሉ እህት፣ እማማ አሪየት፣ የሚኖሩት ከእነዚያ መንደሮች በአንዱ ነው።

አንድ ዓመት ለዚህ ሥራ በጀት ተገኘ። ብዙ አይደለም፤ ለእኔ ሕልም ግን የሚበቃ መሰለኝ። ሁለት ወር ተቀምጬ ዲዛይን ሠራሁ፤ በኮንክሪት የተለበጡ ገንዳዎች፣ ፓምፕ፣ ዝቃጭ ማድረቂያ ማሽን፣ ውሃውን በሣር የሚያጣራ ኩሬ፣ የውሃ መመርመሪያ ክፍል። ከእኛ ወጥቶ ባሮ የሚገባው ውሃ ከባሮ ራሱ የጠራ እንዲሆን ነበር የምፈልገው። ይህ ሁሉ በዚያ በጀት እንዲያልቅ አንድ መላ አገኘሁ። ቦታውን ከከተማው አጠገብ፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አደረግሁት። መንገድ መሥራት አያስፈልግም፣ ነዳጅ አይፈጅም፣ መሬቱም የተስተካከለ ነው። ሌላው አማራጭ ወደ ኮረብታው በኩል ያለው ከፍ ያለ ቦታ ነበር። እዚያ ለመድረስ የጠጠር መንገድ መሥራት ግድ ነው፤ መንገዱ ደግሞ የበጀቱን እኩሌታ ይበላል። ጤነኛ ሰው ገንዘቡን መንገድ ላይ አይደፋም ብዬ ኮረብታውን ከነጭራሹ ሰረዝኩት።

የጎርፉን ነገር ረስቼ አይደለም። ባሮ በክረምት እስከ የት እንደሚሞላ ጠይቄያለሁ። ኃላፊውን ጠየቅሁ፣ የፕላን ባለሙያውን ጠየቅሁ፣ ዘበኛውን ሳይቀር ጠየቅሁ። ሁሉም በአንድ አፍ «እዚያ አይደርስም» አሉኝ፤ እኔም «ነባር ሠራተኞች እንዳረጋገጡት» ብዬ በሰነዱ ላይ ጻፍኩ። ነባር ያልኳቸው ሠራተኞች ሁሉ እንደ እኔው በዝውውር የመጡ ነበሩ። ከሁሉ የቆየው ያየው አምስት ክረምት ነው። ከመካከላችን ወንዙ ዳር የተወለዱት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውን ደግሞ ሾፌር ስለሆኑ መጠየቅ ትዝ አላለኝም።

ዲዛይኔን በስብሰባ ሳቀርብ ጋሽ ኡጁሉ የተጠሩት ስለ ነዳጅ ፍጆታው እንዲናገሩ ነበር። በሩ አጠገብ ተቀምጠው ግድግዳው ላይ የሚታየውን ሥዕሌን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ። ተራቸው ሲደርስ ስለ ነዳጅ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«ይሄ ቦታ ባለቤት አለው» አሉ።

«የማን ይዞታ ነው?» አለ ኃላፊው ደንግጦ፤ የካሣ ጥያቄ መጣ ብሎ ነው።

«የባሮ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ኡጁሉ አብረውን ሳቁና ሳቁ ጋብ ሲል፣ «ባሮ ሄዷል። ግን ቤቱን አልሸጠም» ብለው ተቀመጡ። ኃላፊው ሰዓቱን አየና ዓርብ ይፈረማል ብሎ ስብሰባውን ዘጋው።

ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ። «ነገ ጠዋት ና። ያንን ባለ ሦስት እግር ዕቃህን ይዘህ ና» አሉኝ። የመሬት ከፍታ የምለካበትን ሌቭል ማለታቸው ነው። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን ስህተታቸውን በመሣሪያ ላሳያቸው ብዬ ነው፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

የወሰዱኝ የእናታቸው ማሳ ወደነበረበት የወንዝ ዳር ነው፤ ከእኔ ሜዳ ብዙ አይርቅም። እዚያ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። ግንዱ ላይ ከታች እስከ ላይ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ በምስማር ተመቶበታል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ዝገት የበላው። ባሮ በየዓመቱ ሞልቶ በቆመበት ልክ አንድ ቆርኪ። እናታቸው በቆሎ የሚዘሩት ውሃው ሲሸሽ በሚተወው መሬት ላይ ስለነበር፣ ጋሽ ኡጁሉ ገና በጉርምስናቸው ነው ምልክቱን የጀመሩት። እናት ሞቱ፣ ማሳው ቀረ፣ እርሳቸውም ጀልባ ቀዛፊ፣ ኋላም ሾፌር ሆኑ። ቆርኪ መምታቱን ግን አንድ ክረምት እንኳ አላስታጎሉም።

አብዛኛው ቆርኪ ከወገቤ በታች ነበር። አንዱ ግን እጄን ሽቅብ ዘርግቼ፣ በእግሬ ጣት ቆሜ እንኳ አልደረስኩበትም።

«ይሄን እንዴት መቱት?» አልኳቸው።

«ጀልባ ላይ ቆሜ።»

ይኸኔ ነው ያንን ብልጠቴን ያወጣሁት። «ጋሽ ኡጁሉ፣ ዛፍ እኮ ያድጋል። ሲያድግ ቆርኪውን ይዞት ወጥቶ ነው» አልኩ፣ እንደ አሸናፊ ደረቴን ነፍቼ።

ለጥቂት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ሳቅ ጀመሩ። ግንዱን ተደግፈው ሳቁ፣ ተቀምጠው ሳቁ፣ እንባቸውን ጠርገው እንደገና ሳቁ። ከጉልበታቸው ከፍ ብሎ ያለውን የግንዱን እብጠት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ልጅ ሆኜ ይሄን ረግጬ ነበር የምወጣው። አሁንም እዚሁ ነው፤ የትም አልሄደም። ዛፍ በጫፉ ነው የሚያድገው፣ ኢንጂነር። በእግሩ አያድግም።»

ተምሬው ነበር እኮ፣ ያውም በልጅነቴ። ሌቭሉን አቁሜ ከላይኛው ቆርኪ ወደ ሜዳዬ ለካሁ። አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ። ሦስተኛውም ያው ሆነ። ያ ውሃ ተመልሶ ቢመጣ፣ በገንዳዎቼ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው እስከ አንገቱ ይሰጥማል። ገንዳው ውስጥ የተጠራቀመው የከተማው ዝቃጭ ሁሉ ደግሞ በአንድ ቀን ተጠራርጎ ባሮ ይገባል ማለት ነው።

«ይሄ እኮ ስንት ዘመን ቆይቶ አንዴ የሚመጣ ነው» አልኩ፣ ድምፄ ቀንሶ።

«አንዴ ይበቃል» አሉ። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ ለሰው የማይናገሩትን ነገሩኝ። ሾፌር ሆነው በተቀጠሩ በሁለተኛው ክረምት ነው። ሙሉ ቦቴ ይዘው ወደ መድፊያው ሲሄዱ ጭቃ ያዛቸው። ዝናቡ አላባራም፣ መኪናው እየሰመጠ ሄደ፤ ካልቀለለ አይወጣም። ቫልቩን ከፍተው ያለውን ሁሉ እዚያው ቦይ ውስጥ ለቀቁት። ቦዩ ጅረቱ ውስጥ ይገባል። በዚያው ሳምንት በእህታቸው መንደር ተቅማጥ ገባ፤ የእማማ አሪየት ትንሿ ልጅ ሞተች።

«ውሃው ይሁን ሌላ ነገር ይሁን፣ ሐኪም አላወቀም» አሉኝ። «ቫልቭ የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ። ያንን አውቃለሁ።»

«እህትዎ ያውቃሉ?»

«ነገርኳት። አንድ ዓመት አላናገረችኝም። ከዚያ በሰው እጅ ዓሣ ላከችልኝ።»

የሌቭሉን እግር አጣጥፌ ተሸከምኩና ተከተልኳቸው።

እስከ ዓርብ ሁለት ቀን ነበረኝ። ዝም ብል የሚጠይቀኝ የለም። ዲዛይኑ ተወዷል፣ ስሜ ተጽፎበታል፣ ያ ትልቅ ክረምት እስኪመጣ ድረስ እኔም በዝውውር ሄጄ ይሆናል። ብናገር ግን የገዛ ሥራዬን በገዛ አፌ አፈርሳለሁ፤ ሌላ ዲዛይን ቶሎ ካላቀረብኩም ዓመቱ ያልቅና በጀቱ ተመላሽ ይሆናል። ዝም ማለት አማረኝ፤ አልዋሽም። የከለከለኝ ያ «ቫልቭ የከፈትኩት እኔ ነኝ» ያሉት ነገር ነው። የእኔ ቫልቭ ደግሞ ገና አልተከፈተም ነበር።

ሁለቱን ቀን በቦቴው ጥላ ሥር ተቀምጠን ዲዛይኑን እንደ ዶሮ በለትነው። እኔ እያንዳንዷን ነገር ለማዳን እሟገታለሁ፤ እርሳቸው «ይሄ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ፓምፑ ምን ይሠራል? ውሃ ወደ ላይ ይገፋል። «ቦቴው ከላይ ከደፋ ራሱ ይወርዳል።» ፓምፑ ተሰረዘ። ማሽኑ ምን ይሠራል? ያደርቃል። «በየቀኑ ፀሐይ ፀሐይ ትላለህ፣ ታለቅሳለህ። ይሄ ፀሐይ በነፃ ነው፤ ለምን አትቀጥረውም?» ማሽኑም ተሰረዘ። ኮንክሪቱ በድንጋይ ግንብ ተተካ፤ ወለሉ ጠጠርና አሸዋ ሆነ፣ ጠጠርና አሸዋ ደግሞ እዚሁ ሞልቷል።

መመርመሪያ ክፍሉ ጋ ስንደርስ ግን እኔ እምቢ አልኩ። ሳይለኩ ንጹሕ ነው ማለት ውሸት ነው አልኳቸው። አገጫቸውን ይዘው አሰቡና፣ «ልክ ነህ። ይሄን አትሰርዝ። ለከርሞ ብለህ ጻፈው» አሉኝ። የሣር ኩሬውም ለከርሞ ተባለ። የተቆጡኝ አንዴ ብቻ ነው፤ መንገዱ እንዲያጥር ገንዳዎቹን ከኮረብታው አጋማሽ ላይ እናድርጋቸው ስላቸው። ብዕሬን ከእጄ ወሰዱት። «ሲሚንቶ ቆጥብ። ከፍታ አትቆጥብ» አሉ። ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ በስንት ስብሰባ ላይ የራሴ አስመስዬ እንደተናገርኳት አልነግራችሁም።

ዓርብ ዕለት ተነሣሁና፣ «ያቀረብኩት ዲዛይን ስህተት አለበት። ስህተቱ የእኔ ነው» አልኩ። ኃላፊው አዲሱን ሥዕል አየው፤ አራት የድንጋይ ገንዳና አንድ የጠጠር መንገድ። ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ ለምርቃት ምን ያሳያል? እንግዳ ጠርቼ አሸዋ ላስጎበኝ?»

የመለሱለት ከበሩ አጠገብ ጋሽ ኡጁሉ ናቸው። «አንተ አትቸገር። ክረምት ይመርቀዋል።»

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ኃላፊው እርሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ የቆርኪዎቹን ከፍታ የጻፍኩበትን ወረቀት አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንደ እኔው በማያውቀው አገር የማያውቀውን ነገር እንዲወስን የተላከ ሰው ነው። «ውርደቱ ከመጣ ሁለታችሁንም ነው የምጠራው» ብሎ ፈረመ።

ገንዳዎቹ ተሠሩ። የሚያምሩ አልነበሩም። በበጋው አጋማሽ የመጀመሪያውን ቦቴ ጋሽ ኡጁሉ ራሳቸው ደፉ። ውሃው በአሸዋው ሰርጎ ወረደ፤ ዝቃጩ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። አንዱን ቅርፊት በእንጨት ገልብጠው አዩትና፣ «ፀሐይ ሥራ ገባ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጋምቤላ ሙቀት ማማረር ትቻለሁ፣ ቢያንስ በእርሳቸው ፊት።

ሁለት ክረምት አለፈ፤ ባሮ የእኔ ሜዳ ዝር አላለም። ባልደረቦቼ ያላግጡብኝ ጀመር። «ኢንጂነር፣ እንግዳህ ቀረ እንዴ?» ይሉኛል። ቦቴው ያንን አቀበት በወጣ ቁጥር ነዳጅ ይበላል፣ በየስብሰባው የሚነሣው እርሱ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ወላውያለሁ። ጋሽ ኡጁሉ ግን ቆርኪያቸውን ከታች፣ ከጉልበታቸው አጠገብ መትተው፣ «እንኳን ቀረ» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ክረምት መጣ። ሳምንት ሙሉ ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ባሮ በአንድ ሌሊት ሜዳውን ሸፍኖት አደረ። ኃላፊው ቦት ጫማውን አድርጎ ከእኛ ጋር ወደ ላይ ወጣ። ቦቴው ሙሉ ጭኖ በጠጠሩ መንገድ እያጓራ ደረሰ፣ ደፋ፤ ገንዳዎቹ ደረቅ መሬት ላይ ነበሩ። ቁልቁል ስናይ፣ ፓምፔና መመርመሪያ ክፍሌ ሊቆሙበት በነበረው ቦታ ላይ አንድ ሰው ጀልባ እየቀዘፈ ያልፋል። ኃላፊው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ነግሬህ ነበር» እንዲሉኝ ጠበቅሁ። ቢሉኝ ይገባቸው ነበር። ጋሽ ኡጁሉ ግን ታጥበው መጡና በመዳፋቸው ጀርባዬን መታ አደረጉኝ።

«ከርሞ መጣ፣ ሄደ። ሌላ ከርሞም መጣ፣ ሄደ» አሉኝ። «ኩሬው የታለ?»

ብዙ ሰው ጋሽ ኡጁሉን የቁጠባ ሰው አድርጎ ያስታውሳቸዋል። እኔ የማውቃቸው እንደዚያ አይደለም። በአራት የድንጋይ ገንዳ ረክቼ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። እርሳቸው በጀት በተያዘ ቁጥር ዓሣቸውን ይዘው ቢሮዬ ይመጡና ለከርሞ ያልኩትን እየቆጠሩ ይጠይቁኛል። የሣር ኩሬው ተሠራ። መመርመሪያ ክፍሉም ተሠራ፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ መስኮት ያላት ክፍል ናት፣ ግን አለች። ያ ሲያልቅ አንድ ጠዋት ጀልባ ተከራይተው በከተማው ዳር ቀዘፉኝና ከመንገድ የማይታየውን ከወንዙ አሳዩኝ፤ ከየሕንፃው ጀርባ ሣር ውስጥ ተሸሽጎ በቀጥታ ባሮ ውስጥ የሚያፈስ ቱቦ። ሰባት ነበሩ።

ጡረታ ከወጡ በኋላም ዋና ሥራቸው እነዚያ ቱቦዎች ሆኑ። ባለቤቶቹ ዘንድ በእግራቸው እየሄዱ ይቀመጣሉ። አይሳደቡም፣ አይለምኑም። «ጉድጓድ ቆፍር። ቦቴ አመጣልሃለሁ» ይላሉ፣ እምቢ ካላቸውም በሳምንቱ ተመልሰው እዚያው ወንበር ላይ ይገኛሉ። ከሰባቱ አምስቱ እንዲህ ተዘጉ። ሁለቱ ቀሩ። የአንደኛው ባለቤት ዛሬ ነገ ይላል። ለሁለተኛው ቱቦህን ዝጋ ብዬ የምጽፈውን ደብዳቤ ደግሞ እኔ ነኝ ስብሰባ በዛብኝ እያልኩ ዛሬ ነገ ያልኩት። ጋሽ ኡጁሉ ታመው ሲተኙ ልጠይቃቸው ሄጄ ስለ ቱቦዎቹ እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነበር። አልጠየቁኝም፤ እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

የቀበርናቸው በእህታቸው መንደር ነው። በጋ ነበር፣ ባሮ ረግቶ ይወርዳል። መላው መንደር ወጥቶ በየቋንቋው ዘመረ፤ እኔ ቃሉን ባላውቀውም ከኋላ ቆሜ አብሬ አጉተመተምኩ። ከቀብር መልስ አንዲት ሴት ወደ እኔ መጡና ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። እማማ አሪየት ናቸው። ዓሣ ሊሸጡ ገበያ ስለሚመላለሱ አማርኛ ይችላሉ።

«ኢንጂነሩ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ፣ እማማ። እግዜር ያጥናዎት።»

«ወንድሜ ስላንተ ያወራል። ደረቅ ነው፣ ግን ይሰማል ይላል።»

ከዚያ ወደ ወንዙ ወርደው በጣሳ ውሃ ቀዱና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ቀትር ነበር፣ ከቀብር የመጣሁ እንግዳ ነኝ፤ ለእንግዳ ውሃ ይሰጣል። ጣሳውን ተቀበልኩ። ለዓይን ጥሩ ውሃ ነው። እኔ ግን ከላይ ያሉትን ሁለት ቱቦዎች አውቃለሁ፣ ባለፈው ወር ከመመርመሪያ ክፍላችን የወጣውን ወረቀትም አንብቤዋለሁ። ጣሳውን ወደ አፌ አስጠጋሁና ቆምኩ። እማማ አሪየት ያዩኝ ነበር።

«አትጠጣም?»

አልጠማኝም ማለት እችል ነበር። ልጃቸውን አሰብኩና አልቻልኩም። «አልጠጣም» አልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እንግዲያ ሥራው አላለቀም» አሉ።

«አላለቀም፣ እማማ። ሁለት ቱቦ ይቀራል።»

«የት እንደሆኑ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት እዚያ ነኝ።»

ፊቴን በደንብ አዩት፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። ጣሳውን ከእጄ ወሰዱና ውሃውን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገልብጠው እሳቱ ላይ ጣዱት።

«ሥራው እስኪያልቅ አፈላልሃለሁ» አሉኝ።